«የኦዝ ሕልመኛ» እና የተዘለለው ገጽ

ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድርጅት በዲሴምበር 10 ቀን 1990 ማታ «የኦዝ ሕልመኛ» የተሰኘ ፊልም ለተመልካች አቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ በ1900 የታተመውን «አስደናቂው የኦዝ ጠንቋይ» የተባለውን የልጆች መጽሐፍ የደረሰውን የላይማን ፍራንክ ባውምን ሕይወት ይተርካል። ድርሰቱ የሪቻርድ ማቲሰን፣ ዝግጅቱ የጃክ ቤንደር ነው። ባውምን ጆን ሪተር፣ ሚስቱን ሞድን አኔት ኦቱል፣ አማቱን ማቲልዳ ጌጅን ሩ ማክላናሃን ሆነው ተጫውተዋል።

ፊልሙ ጥበብ አያንሰውም። የሚጀምረው በ1939 ነው፤ የኦዝ ተረት በሲኒማ ተሠርቶ በሆሊውድ በሚመረቅበት ዕለት ባሏ ከሞተ ሃያ ዓመት የሆናት ሞድ ለአንድ ጋዜጠኛ የሕይወታቸውን ታሪክ ታጫውታለች። ከዚያ ወዲያ የሚታየው አንድ ደግ፣ ተጫዋች፣ የገንዘብ ነገር የማይሆንለት ሰው ደጋግሞ ሲወድቅና ደጋግሞ ሲነሣ ነው። በኑሮው መንገድ ላይ ያገኛቸው ሰዎች መልካቸውን ለውጠው በተረቱ ዓለም ውስጥ ብቅ ይላሉ፤ እውነተኛው ኑሮና የሕልሙ አገር እየተፈራረቁ ይታያሉ። ሪተርም ልብ በሚነካ አጨዋወት ተጫውቶታል። ማንም ቢሆን ይህን ፊልም አይቶ ባውምን ሳይወድ አይቀርም። ክሱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

በሥነ ጽሑፋችን ገድል የሚባል የታወቀ የድርሰት ዓይነት አለ። ገድል የራሱ ሥርዓትና የራሱ ክብር አለው፤ ጸሐፊው ከመነሻው የቅዱሱን ተጋድሎና ተአምር እንደሚጽፍ ይናገራል፤ አንባቢውም ያንኑ ፈልጎ ያነበዋል። የሚታለል የለም። የቴሌቪዥኑ የሕይወት ታሪክ ፊልም ግን በውስጡ ገድል ሆኖ በላዩ የታሪክን ልብስ ይለብሳል። ዓመተ ምሕረት ይጠራል፤ የከተማ ስም ይጠራል፤ የእውነተኛ ሰዎችን ስም ለተዋንያን ያድላል። ተመልካቹ የታሪክን እምነት ሰጥቶ የገድልን ምስል ይቀበላል። ልውውጡ የተበላሸ ነው።

ባውም በ1888 ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በዚያን ጊዜ የዳኮታ ግዛት ወደሚባለው አገር ተሻገረ። አበርዲን በምትባል አዲስ የባቡር ከተማ ሱቅ ከፈተ። ፊልሙ ይህን ያሳየናል፤ ሱቁ ለልጆች ደስታ የተሞላ፣ ባለሱቁም ዕዳ መሰብሰብ የማያውቅ ቸር ሰው ሆኖ ይታያል። እውነትም ነው። ድርቅ ገበሬውን መታው፣ ገበሬው ዱቤውን መክፈል አቃተው፣ ሱቁም በ1890 መጀመሪያ ላይ ተዘጋ። በዚያው ወር ባውም «አበርዲን ሳተርዴይ ፓዮኒር» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ያዘ። አሳታሚውም፣ አዘጋጁም፣ የርእሰ አንቀጹም ጸሐፊ እርሱ ራሱ ነበረ። ጋዜጣውን ለአንድ ዓመት ከጥቂት ወር ያህል ከሠራ በኋላ በ1891 ከስሮ ወደ ቺካጎ ሄደ።

የተዘለለው ገጽ የሚገኘው በዚህ ጋዜጣ ላይ ነው።

በዲሴምበር 15 ቀን 1890 የላኮታ ሕዝብ ታላቅ መሪ የነበረው ሲቲንግ ቡል በመንግሥት ፖሊሶች እጅ ተገደለ። ከአምስት ቀን በኋላ በወጣው ጋዜጣ ባውም ርእሰ አንቀጽ ጻፈ። መጀመሪያ ሟቹን በአንድ ዓይነት አክብሮት ያነሣዋል፤ ቀጥሎም ከእርሱ ጋር የሕዝቡ ክብር ሁሉ እንደሞተና የቀሩት የተናቁ ፍጡራን እንደሆኑ ያትታል። በመጨረሻም ነጮቹ በድል አድራጊነት ሕግ የምድሪቱ ጌቶች ስለሆኑ፣ የሰፋሪዎቹ ደኅንነት የሚጠበቀው የቀሩት ጥቂት ነባር ሰዎች ፈጽመው ሲደመሰሱ ነው ብሎ ይደመድማል። ቃሉ አሻሚ አይደለም፤ መደምሰስ ማለት መደምሰስ ነው።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ በዲሴምበር 29 የሆነው ሆነ። ሰባተኛው ፈረሰኛ ጦር ዉንድድ ኒ በተባለ ወንዝ ዳር ቢግ ፉት የሚባለውን የታመመ መሪና 350 ያህል ወገኖቹን ከብቦ መሣሪያ ሲያስፈታ ተኩስ ተነሣ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሆችኪስ የተባሉት ፈጣን መድፎች ከኮረብታው ላይ ሆነው በድንኳኖቹ ላይ ተኮሱ። የሟቾቹን ቁጥር አንዳንዶች ከ150 በላይ፣ ሌሎች እስከ 300 ያደርሱታል። ከበረዶው ማዕበል በኋላ ተለቅመው በአንድ ጉድጓድ የተቀበሩት ብቻ 146 ናቸው፤ 84 ወንዶች፣ 44 ሴቶች፣ 18 ሕፃናት።

ጉድጓዱ በሚሞላበት ሰሞን በጃንዋሪ 3 ቀን 1891 ባውም ሁለተኛውን ርእሰ አንቀጽ አወጣ። የመንግሥትን ፖሊሲና የጦሩን አዛዥ ጄኔራል ማይልስን በደካማነት ወቀሰ፤ የወቀሳው ምክንያት ግን ስለ ወታደሮቹ ሞት እንጂ ስለ ሴቶቹና ስለ ሕፃናቱ አልነበረም። ቀጥሎም ከመጀመሪያው የባሰ ነገር ተናገረ። እነዚህን ሰዎች ለብዙ ዘመን በድለናቸዋል፤ ስለዚህ ሥልጣኔያችንን ለመጠበቅ በበደሉ ላይ አንድ በደል ጨምረን ከምድር ገጽ ብናጠፋቸው ይሻላል የሚል ፍሬ ነገር አለው። ባለማወቅ የሚሳሳት ሰው አነጋገር አይደለም። በደል መሆኑን ያውቃል፤ ያወቀውንም በደል ይመክራል።

ጸሐፊው ያኔ የ34 ዓመት ሰው ነበር። ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ትንሹ አንድ ዓመት የሞላው የመጀመሪያው ርእሰ አንቀጽ ከመውጣቱ ከሦስት ቀን በፊት ነው። ሞድ ደግሞ አራተኛውን አርግዛ ነበር። ለእነዚህ ልጆች ማታ ማታ ተረት የሚያወራው አባትና ጠዋት ያን አንቀጽ የሚጽፈው አዘጋጅ አንድ ሰው ናቸው። ፊልሙ ያሳየን የማታውን ብቻ ነው።

ለፊልሙ የሚቆሙ ሰዎች ብዙ ክርክር ያቀርባሉ። ከሁሉ የሚዘወተረው «የዘመኑ ሰው ነው፤ ያኔ ሁሉም እንዲህ ያስብ ነበር» የሚለው ነው። ይህ ክርክር በሌላ ሰው ላይ ሊሠራ ይችል ይሆናል። በባውም ላይ ግን ፈጽሞ አይሠራም፤ ምክንያቱም መልሱ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ማዕዱ ላይ ተቀምጦ ነበር። አማቱ ማቲልዳ ጆስሊን ጌጅ ከኤልዛቤት ኬዲ ስታንተንና ከሱዛን አንቶኒ ጋር ሆና የሴቶችን የመምረጥ መብት ትግል ታሪክ የጻፈች ሴት ናት። እርሷ በ1870ዎቹ ዓመታት ስለ ሆደኖሾኒ ነገዶች፣ ማለት ኢሮኮይ ስለሚባሉት ሕዝቦች፣ በጋዜጣ ስትጽፍ ነበር፤ በእነርሱ ዘንድ ሴት ያላትን ሥልጣን እየጠቀሰች ሠልጥኛለሁ የሚለውን ኅብረተሰብ ታሳፍረው ነበር። መንግሥት ከነባሮቹ ሕዝቦች ጋር የገባውን ውል ማፍረሱንም ትቃወም ነበር። በ1893 ሞሃክ የሚባለው ነገድ የተኩላ ጎሣ ልጁ አድርጎ ተቀበላት። ይህች ሴት በልጆቿ ቤት እየተዘዋወረች ትከርም ነበር፤ ያረፈችውም በ1898 በቺካጎ በባውም ቤት ነው። እንግዲህ «ሁሉም እንዲህ ያስብ ነበር» የሚል ሰው አስቀድሞ ማቲልዳ ጌጅን ከ«ሁሉም» ውስጥ ማውጣት አለበት። የተገደሉትንም ማውጣት አለበት፤ እነርሱም በዚያው ዘመን የኖሩ፣ በዚያው ዘመን የሚያስቡ ሰዎች ነበሩና።

ፊልሙ ማቲልዳን አላጣትም። ይዟታል። በእርሱ ውስጥ ግን ከሁሉ በፊት አስቸጋሪ አማት ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጇን ለአንድ ቲያትረኛ መስጠት ያልወደደች ቁጡ ሴት፣ ውሎ አድሮም የአማቿን ተሰጥዎ የምታምንና ተረቶቹን እንዲጽፍ የምትገፋፋ። ይህም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የተዋጣለት ተዋናይት ተሰጥታው፣ እንዲህ ያለ ባሕርይ በእጁ ገብቶ፣ አዘጋጁ ለሠርግ ጭቅጭቅ ብቻ ሲያውላት ከማየት የሚያሳዝን የለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል።

እዚህ ላይ ነገሩ ከሥነ ምግባር ክስ አልፎ የጥበብ ክስ ይሆናል። የቴአትር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ድራማ ማለት ግጭት ነው፤ ከግጭቶችም ሁሉ የሚበልጠው ሰው ከራሱ ጋር የሚያደርገው ነው። ባውም በ1890 የአበርዲን የሴቶች እኩልነት ክበብ ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል። በዚያ ዓመት የደቡብ ዳኮታ ሕዝብ የሴቶችን የመምረጥ መብት በድምፅ እንዲወስን በተጠየቀ ጊዜ በጋዜጣው ላይ ከሴቶቹ ጎን ቆሟል። በኖቬምበር ጥያቄው ተሸነፈ። በዲሴምበር ያው ብዕር ስለ መደምሰስ ጻፈ። ከዚያ በኋላ በአሥር ዓመት ውስጥ ያው እጅ ገለባ የተሞላ ሰው፣ የቆርቆሮ ሰው፣ ፈሪ አንበሳና አንዲት የገጠር ልጅ ተደጋግፈው የሚሄዱበትን፣ መልኩ የማይመሳሰል ፍጡር ሁሉ በሰላም የሚኖርበትን አገር ፈጠረ። እንዴት? ምን ለወጠው? ወይስ ምንም አልለወጠውም? ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ የባውም ፊልም ስለ ማን ነው የተሠራው? ሰውዬው የቸርነቱን ክልል የሚያሰምርበት ድንበር የት እንደሆነ ሳያሳይ ቸርነቱን ብቻ ማሳየት የሰውን ግማሽ ፊት ሥሎ ሥዕሉ አለቀ እንደ ማለት ነው።

ሌሎች ደግሞ «ርእሰ አንቀጾቹ ምፀት ናቸው፤ የዘመኑን ጭካኔ ለመንቀፍ አጋንኖ ነው የጻፈው» ይላሉ። የባውምን የቀልድ ችሎታ የሚያውቅ ሰው ለጊዜው ሊጠራጠር ይችላል። ሆኖም ምፀት ምልክት አለው፤ አንባቢው የሚይዘው አንድ ጭራ ይተውለታል። በእነዚህ አንቀጾች ውስጥ ያ ጭራ የለም። ሁለተኛውም የተጻፈው ሬሳው ሳይቀበር ነው፤ አንባቢዎቹም በፍርሃት የተዋጡ ሰፋሪዎች ናቸው። ምፀት ነው ቢባል እንኳ ለፊልሙ የሚሰጠው ማምለጫ የለም፤ ምፀት ከሆነ እንዲያውም ሊታይ የሚገባው ትልቅ ነገር ነበርና።

ሦስተኛው ክርክር የጊዜ ማነስ ነው። የአንድን ሰው ዕድሜ በአንድ ምሽት ፊልም ውስጥ ማግባት አይቻልም፤ የግድ የሚቀር ነገር ይኖራል ይላሉ። ልክ ነው። ግን ምን ቀረ ብቻ ሳይሆን ምን ተጨመረ ብሎም መጠየቅ ተገቢ ነው። የሞድ ወንድም ልጅ የሆነችው ዶረቲ ጌጅ የሞተችው በኖቬምበር 1898 በአምስት ወሯ ነው። አፍ ያልፈታች ጨቅላ ነበረች። በፊልሙ ግን ነፍስ ያወቀች፣ የምትጫወትና ተረት የምትሰማ ልጅ ሆና ትታያለች፤ በተረቱ ውስጥም ዶረቲን የምትጫወተው ያችው ልጅ ናት። ተመልካቹን ለማስለቀስ የአንዲትን ሕፃን ዕድሜ ለመጨመር ጊዜ ተገኝቷል። አሥራ ስምንቱን ሕፃናት ለመጥቀስ ጊዜ አልተገኘም።

አራተኛው ክርክር ከሁሉ የዋህና ከሁሉ ብርቱ ነው፤ መምህራንም ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ይህንኑ ነው። ልጆች የሚወዱትን መጽሐፍ ለምን እናበላሽባቸዋለን? ሙት ወቃሽ መሆንስ ምን ይጠቅማል? ይህ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። መጽሐፉ ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ልጆች ቢያነቡትም ይጠቀማሉ። የስምንት ዓመት ልጅ ከገለባው ሰው ጋር እየሳቀ ሳለ ስለ ጅምላ መቃብር ይነገረው የሚል ሰው የለም። ነገር ግን ፊልሙ ስለ መጽሐፉ አይደለም፤ ስለ ሰውዬው ነው። ሙትን የቀሰቀሰው፣ ከመቃብር አውጥቶ በሕዝብ ፊት ያቆመው ፊልሙ ራሱ ነው። ለምስጋና የተጠራ ሙት ለምስክርነትም መጠራቱ ፍትሕ ነው። ደግሞስ ሙት ወቃሽ የሚባለው ክስ ለማን ይነገራል? ባውም ራሱ ሲቲንግ ቡል በተገደለ በአምስተኛው ቀን ሕዝቡን እንዳለ ወቅሶ የለምን?

የልጆች ደራስያንን ሕይወት በእውነት ማሳየት መጽሐፎቻቸውን እንደማይገድል ደግሞ በተግባር የታየ ነው። የብሪታንያው ቢ.ቢ.ሲ. በ1978 አንድሩ ቢርኪን በጻፈውና ኢያን ሆልም በተጫወተበት በሦስት ክፍል ፊልም የፒተር ፓንን ደራሲ የጄምስ ባሪን ሕይወት አቅርቧል። ባሪ ለሌላ ቤተሰብ ልጆች ያደረበትን ፍቅር፣ ፍቅሩም ምን ያህል የሚያስጨንቅ፣ ምን ያህል የሚያንቅ እንደነበረ አልሸሸገም። በ2009 ደግሞ ያው ድርጅት ሄለና ቦናም ካርተር የተጫወተችበትን የኢኒድ ብላይተንን ታሪክ ሲያሳይ፣ ለሚሊዮኖች ልጆች የጻፈችው ሴት ለገዛ ልጆቿ ምን ያህል ቀዝቃዛ እንደነበረች ፊት ለፊት ተናገረ። ፒተር ፓንም ዛሬ ይነበባል፤ የብላይተንም መጻሕፍት ይሸጣሉ። ከእነዚህ ፊልሞች በኋላ የተለወጠው ተመልካቹ ስለ ደራሲ ያለው ግንዛቤ ብቻ ነው፤ ይኸውም የመልካም ሥራ ምንጭ የግድ መልካም ሰው አለመሆኑ። በእርግጥ ቀዝቃዛ እናትነትን መናዘዝ ሕዝብ ይጥፋ ብሎ መጻፍን ከመናዘዝ ይቀላል። እንግሊዞቹም ያሳዩት ቀላሉን ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ወደ ቀኑ መመለስ ያስፈልጋል። ፊልሙ የታየው በዲሴምበር 10 ቀን 1990 ነው። የመጀመሪያው ርእሰ አንቀጽ መቶኛ ዓመት ሊሞላው አሥር ቀን፣ የዉንድድ ኒ እልቂት መቶኛ ዓመት ሊሞላው አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ያ ዓመት ደግሞ ነገሩ የተረሳበት ዓመት አልነበረም። የደቡብ ዳኮታ አገረ ገዥ ጆርጅ ሚከልሰን ዓመቱን የዕርቅ ዓመት ብሎ አውጆት ነበር። በኦክቶበር የአሜሪካ ምክር ቤት በእልቂቱ የተሰማውን ጥልቅ ጸጸት የሚገልጥ ውሳኔ አስተላለፈ። በኖቬምበር ላኮታዎችን በሰውነታቸው የሚያሳየው የኬቪን ኮስትነር ፊልም «ከተኩላዎች ጋር የሚደንሰው» በየሲኒማ ቤቱ ይታይ ጀመር። ከ1986 ጀምሮ በየዓመቱ የቢግ ፉትን የመጨረሻ ጉዞ በፈረስ የሚከተሉ ላኮታዎች በዚያው ዲሴምበር በብርድ ውስጥ ወደ መቃብሩ ይጓዙ ነበር። «አላወቅንም ነበር» እንዳይባል እንኳ፣ በዚያው ዓመት ጸደይ ሮበርት ቬነብልስ የተባለ የታሪክ ምሁር በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሚታተም የነባር ሕዝቦች መጽሔት ላይ የባውምን ርእሰ አንቀጾች ከነቃላቸው አውጥቶ ነበር። ኮርኔል ማለት ሞድ ለባውም ስትል ትምህርቷን ጥላ የወጣችበት ዩኒቨርሲቲ ነው። አንድ የሕይወት ታሪክ ፊልም የሚሠራ ድርጅት ማንበብ ካለበት መጽሔት ይህ ሩቅ አልነበረም።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ሚሊዮኖች ቤት የገባው ምስል ምን ነበር? በአንድ በኩል ፈረሰኞቹ በበረዶ ላይ ይሄዳሉ፤ በሌላ በኩል የጠፉ ዘንድ የተመኘላቸው ሰው በቴሌቪዥን ፊት ዕንባ ይፈስለታል። ተንኮል ነበረበት ማለት አይደለም። የፊልሙ ሠራተኞች አንድም ላኮታ ለማዋረድ አስበው አይሆንም። እንዲያውም የከፋው ይኸው ነው፤ እነርሱን ለማሰብ የሚያበቃ ምክንያት አለመታየቱ። የዳኮታ ሜዳ በፊልሙ ውስጥ ነፋስና አቧራ ያለበት፣ ነጋዴ የሚከስርበት፣ ደራሲ ስለ ግራጫው ካንሳስ የሚያልምበት ባዶ ቦታ ነው። ባዶ ቦታ ግን አልነበረም። ባዶ እንዲሆን የተደከመበት ቦታ ነበር፤ ከደካሞቹም አንዱ በጋዜጣው የደከመው የፊልሙ ጀግና ነው። ካሜራው ሜዳውን ባዶ አድርጎ ባሳየ ቁጥር ሳያውቀው የርእሰ አንቀጹን ምኞት ይፈጽማል።

ለዚህ ፊልም አንድ ምስክር ከራሱ ቤት ተገኝቶበታል። በ2006 የባውም ተወላጆች ወደ ላኮታ ሕዝብ ቀርበው አያታቸው ስለጻፈው ነገር ይቅርታ ጠይቀዋል። ደሙ በሥጋቸው ያለ፣ ስሙ ቢነካ ከማንም ይልቅ የሚያማቸው ሰዎች ናቸው። መጽሐፉን አላቃጠሉም፤ ኦዝንም አልካዱም። በ1939ኙ ምረቃ ላይ የምትቀመጠው የፊልሙ ሞድ ለጋዜጠኛው ያላጫወተችውን ምዕራፍ ተራቸው ሲደርስ እነርሱ ተናገሩት።

«የኦዝ ሕልመኛን» በክበብ ወይም በክፍል ውስጥ የሚያሳይ መምህር ፊልሙን መከልከል የለበትም፤ ይታይ። መብራቱ ሲበራ ግን ሁለቱ ርእሰ አንቀጾች ከነቀናቸው ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበቡ፤ ሁለቱም ተደምረው አምስት ደቂቃ አይፈጁም። ከዚያም ከጆን ሪተር ፈገግታ ቀጥሎ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚሆነውን ዝምታ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይስበሩት።